ከቦታቸው ያልተነቃነቁ ስድስት ነጥቦች

ውድ መምህሬ፣

«እኔ እስክሞት ጠብቂ» ብለውኝ ነበር። አልጠበቅሁም። የጽሑፋችን እርማት በመጽሔቱ ላይ ከወጣ እነሆ አራት ወር ሆነው። ካነበቡት ቀን ጀምሮ ስልኬን አያነሱም። ሁለት ጊዜ በርዎን አንኳኩቻለሁ፤ ሬዲዮው ከውስጥ እየተሰማ አልከፈቱልኝም። ቤት ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እርስዎም እንደማውቅ ያውቃሉ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ተነሳሁ። ወረቀት በር ክፈቱልኝ አይልም፤ በበሩ ስር ይገባል።

ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም የምጽፈው። ይህን ከአሁኑ ልበልና እንገላገል። የምጽፈው ሊነገርዎ የሚገባ አንድ ነገር ስላለ ነው። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ከመጀመሪያው ልነሳ። እርስዎ ታሪካችንን በጋዜጣ ላይ በራስዎ መንገድ ተናግረውታል፤ የእኔ ተራ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ነበርን። የኮትዎ እጅጌ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ገቡና፣ ሰላም እንኳ ሳይሉን ሰሌዳው ላይ «3» ብለው ጻፉ። ሦስት ሲጽፉ አናቱን ጠፍጣፋ ያደርጉታል፤ ያን ዕለት ነው መጀመሪያ ያየሁት።

«ይህን ቁጥር የሚያስረዳኝ አለ?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁም ቀጠሉ።

«ኤሌክትሮንን ታውቁታላችሁ። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሉት። በጠባይ ቁርጥ እሱን ናቸው፤ የሚበልጡት በክብደት ብቻ ነው። ሌሎቹም የቁስ ቅንጣቶች እንዲሁ ሦስት ሦስት ናቸው። ሦስት ቤተሰብ። እኛ የተሠራነው ከመጀመሪያው ነው። ታዲያ ሁለቱ ምን ይሠራሉ?»

ከኋላ አንዱ «ብቻውን እንዳይፈራ ነዋ» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። ስለ ስትሪንግ ቲዎሪ ማስረዳት ጀመሩ። ቅንጣት ስንላት የኖርናት ነገር እጅግ ደቃቅ ክር ናት፤ እንደ ንዝረቷ ኤሌክትሮንም ሌላም ትሆናለች። ሒሳቡ እንዲገጥም ግን ከምናውቃቸው ከሦስቱ የቦታ አቅጣጫዎች ሌላ ስድስት ያስፈልጋሉ፤ እነሱም በየትኛውም መሣሪያ በማይታይ ጥበት ውስጥ ተጠቅልለው ይኖራሉ። ከኪስዎ መሐረብ አወጡና በመዳፍዎ ጨመደዱት።

«ቁም ነገሩ አጠቃለላቸው ላይ ነው። ቅርጹ ምን ያህል ቀዳዳ፣ ምን ያህል እጥፋት እንዳለው፣ ስንት የቅንጣት ቤተሰብ እንደሚኖረን ይወስናል። ትክክለኛውን ቅርጽ ያገኘ ሰው ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያውቃል። እኔ እሱን እየፈለግሁ ነው።»

የዚያኑ ቀን ተማሪዎቹ «ጋሽ ሦስት» የሚል ስም አወጡልዎ። እኔ ደግሞ ከሕንፃው ሳልወጣ ዕድሜዬን በምን እንደምጨርስ ወሰንኩ።

እህቴን ያውቋታል፤ ነርሷን። እስከ ዛሬ አብረን ነው የምንኖረው። ያን ቀን እቤት ገብቼ ስነግራት ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«እሺ፣ ቅርጹን ስታገኙ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለች።

«ምንም። እናውቀዋለን።»

«ጎሽ። እኔ ቢያንስ መርፌ እወጋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እቤት በገባሁ ቁጥር እንደ ኳስ ውጤት «ዛሬ ስንት ወጣ?» ትለኛለች።

ሁለተኛ ዲግሪዬን እንደጀመርኩ፣ ሰሌዳ ላይ የጻፉት ቀመር ላይ አንዱ የመቀነስ ምልክት መደመር መሆን አለበት ብዬ ለሁለት ሳምንት ተከራከርኩዎ። በሦስተኛው ሳምንት በርዎ ላይ ጠበቁኝና «ሞገደኛ ነሽ። ስለ ሞገድ የምታጠና ሰው ሞገደኛ ብትሆን ምን ይገርማል? ነገ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የምስጋና ቃላት ሁሉ ይህን የሚተካከል የለም።

ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ የአውቶቡስ ጋራዡን በምታይ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ሠራን። ቅርጽ እንመርጣለን፣ ቀዳዳውን እንቆጥራለን፣ እንጥላለን። አርባ ቤተሰብ ይወጣል፤ ሃያ ስምንት ይወጣል፤ ዜሮ ይወጣል። አንዱ ሦስት ሰጥቶን ተቃቅፈን ሳናበቃ ኤሌክትሮኑ ክብደት የሌለው ሆኖ አረፈው። ሌላው ሦስት ቤተሰብ አመጣና፣ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ የኤሌክትሮንን ቻርጅ ግማሽ የያዘ ቅንጣት ጎትቶ መጣ። «ይሄስ ያልጠራነው እንግዳ ነው» ብለው ወረቀቱን ቀደዱት። ሞዴል መሥራት ማለት ይህ ነው፤ ከላይ ያለው ውብ ሒሳብ ወርዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በተለካችው በዚህች በእኛ ዓለም በር ማለፍ አለበት። በሩ ደግሞ ጠባብ ነው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ያን ቅርጽ አገኘን። ዘጠኝ ቤተሰብ ይሰጣል። እርስዎ ናቸው መላውን ያመጡት፤ ይህን ማንም አይነጥቅዎትም። ቅርጹን ሲሶ ዙር የሚያዞር አንድ ሕግ አለ፤ ሦስት ጊዜ ሲዞር ወደነበረበት ይመለሳል። በመዞሩ አንዱ ሌላው ቦታ ላይ የሚያርፉትን ሦስት ሦስት ነጥቦች እንደ አንድ ብንቆጥራቸው ቅርጹ ወደ ሲሶው ያንሳል፤ ዘጠኙ ቤተሰብም ሦስት ይሆናል። ያለው አንድ ግዴታ ብቻ ነው። ሲዞር አንድም ነጥብ ባለበት መቅረት የለበትም። ከቦታዋ ንቅንቅ ያላለች ነጥብ ካለች፣ ቅርጹ እሷ ላይ ሾሎ ይበላሻል፤ ቆጠራውም አብሮ ይበላሻል።

ይህን ለማጣራት አርባ አንድ ሁኔታዎችን አንድ በአንድ መመርመር ነበረብን። ሠላሳውን እኔ፣ አሥራ አንዱን እርስዎ። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እርስዎ በአራት ቀን ጨርሰው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ንጹሕ» ብለው ጻፉ። «ላየው?» ስልዎ «እኔን ልታርሚኝ?» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሞገደኛዋ በዚያን ቀን አልተከራከረችም። ጥፋቴ እሱ ነው፤ አልክደውም።

ጽሑፋችን ወጣ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን በላዩ ላይ ሠሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የእኔ ቋሚ ቅጥር ሊወሰን ሲል፣ እርስዎ ሳይታሰብ ጡረታ ወጡ። ወዲያው ጋዜጣው ያን ቃለ ምልልስ አወጣ። «ሠላሳ ዓመት ጥላ ስከተል ኖርኩ። ስትሪንግ ቲዎሪ የእኛን ዓለም አይሰጠንም። ወጣቶች ጊዜያችሁን አታባክኑ» ብለዋል። ሰዉ ሁሉ ደፋር አለዎት። በዚያ ዕድሜው የሕይወቱን ሥራ ተሳስቻለሁ የሚል ምሁር ከየት ይገኛል ተባለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገጹን ቆርጦ በሬ ላይ ለጠፈልኝ። ነቅዬ ወደ ውስጥ አስገባሁትና ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ማንም ሊያሾፍብኝ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሚያሾፍበት አጣ።

ስምንት ዓመት ሠራሁ። አብረውን የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ሌላ መስክ ሄዱ፤ አልፈረድኩባቸውም። በእርስዎ ግን አዝኜ ነበር። ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ነበር የማዝነው።

ዘንድሮ ክፍላችን ኮምፒውተሮቹን ለወጠ፤ የድሮ ፕሮግራሞቻችን በአዲሶቹ ላይ አልሠራ አሉ። ከመጀመሪያው እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። አዲሱን ፕሮግራም ለመፈተን መልሱን የማውቀውን ነገር ሰጠሁት፤ የራሳችንን ቅርጽ። ከቦታቸው የማይነቃነቁ ነጥቦች ስንት ናቸው? ዜሮ ይላል ብዬ ስጠብቅ ስድስት አለኝ።

እቤት ስገባ እህቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። «ዛሬ ስንት ወጣ?»

«ስድስት።»

«ስድስት ምን?»

«መኖር የሌለባቸው ስድስት።»

ቀና ብላ አየችኝና ማጠፉን ተወች።

አምስት ሳምንት ሙሉ የፕሮግራሙን ስህተት ፈለግሁ። ፈልጌ ሳጣ ወረቀትና እርሳስ አነሳሁ። ሠላሳ ሰባተኛው ሁኔታ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተለዋዋጮች ሁሉም ዜሮ በሚሆኑበት ቦታ፣ ሁለት ገጽ በማይሞላ ሒሳብ ስድስቱም ነጥቦች ወጡ። ቅርጹ ቢዞርም እነሱ ባሉበት ነበሩ። የሾሉትን ስድስት ቦታዎች ጠግኜ እንደገና ስቆጥር ቤተሰቦቹ አምስት ሆኑ። ዓለማችን ሦስት አላት፤ ሞዴላችን አምስት ይሰጣል። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ስናስተምረው የኖርነው ነገር የእኛ ዓለም አልነበረም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ሰባተኛው ከእርስዎ አሥራ አንዱ ውስጥ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ እርስዎ መጣሁ። መንገድ ላይ እንዴት እንደማስረዳዎ ቃል ስመርጥ ነበር። ልብዎ ደካማ ነው፤ እንዳይደነግጡብኝ ፈራሁ። ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ ወዳለው ቤትዎ ደረጃውን ወጣሁ። ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጡኝ፣ መነጽርዎን አደረጉ፣ አቃፊዬን ጭኔ ላይ አደረግሁና «ጋሼ፣ ያ የማጣሪያ ሠንጠረዣችን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሠላሳ ሰባተኛው» አሉኝ።

አቃፊውን ገና አልከፈትኩትም ነበር።

«ያውቃሉ?»

«ካወቅሁ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ማን ነገረዎ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ወረቀቶቼን ስደረድር ዓይኔ አረፈበት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ያን ዓመት የአንቺ ቅጥር ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጽሑፉ ቢወድቅ አብረሽው ትወድቂ ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ።»

«ጊዜያችሁን አታባክኑ ብለው በጋዜጣ የተናገሩትም ለእኔ ብለው ነው?»

መነጽርዎን አወለቁ። ከታች የሰዓት ጠጋኙ ትንሽ መዶሻ ይሰማ ነበር። «ተሳስቻለሁ ከማለት መስኩ ተሳስቷል ማለት ቀለለኝ» አሉኝ።

እውነት ነው የነገሩኝ፤ ስለዚያ አከብርዎታለሁ። ቀጥለው ግን እጄን ያዙና «እኔ እስክሞት ጠብቂ። ብዙም አላስጠብቅሽም» አሉኝ። ተነስቼ ወጣሁ። አውቶቡስ አልተሳፈርኩም፤ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። የእርስዎን ሞት መቁጠር አልፈለግሁም። ሞትዎን እንድጠብቅ፣ ሲመጣም እፎይ እንድል ነበር የጠየቁኝ፤ ያን እንዴት ከእኔ ይፈልጋሉ?

በማግስቱ ወደ ክፍል ኃላፊው ገባሁ። ያስታውሱታል፤ ያን ቀን ከኋላ «ብቻውን እንዳይፈራ ነዋ» ያለው እሱ ነው። ሁለቱን ገጽ አነበበ፤ ጎበዝ ነው፤ ወዲያው ገባው። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ካወጣሽ የእናንተን ቡድን መዝጋት የሚፈልጉት ሁሉ ምክንያት አገኙ ማለት ነው። እኔም ላድንሽ አልችልም።»

«አድነኝ አላልኩህም።»

«ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንቺ ብቻ?»

«ቅርጹም ያውቃል። ዛሬ ብንቆጥረው አምስት ነው፤ የዛሬ ሺህ ዓመትም ቢቆጥሩት አምስት ነው።»

ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። «ሞገደኛ ያለሽ ሰው አልተሳሳተም» አለኝ።

እርማቱ አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ስህተቱ የሁለታችንም ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ነውና። እርስዎ ማወቅዎን አልጻፍኩም፤ ያን ለመናገር ጊዜ ይኑርዎት ብዬ ለእርስዎ ተውኩት። እንደወጣ የተባለው ሁሉ ደረሰ። ቡድኑ ተዘጋ። የሦስተኛ ፎቋን ክፍል አስረከብኩ። አሁን ያለሁት ምድር ቤት፣ ከማባዣ ክፍሉ አጠገብ ነው፤ ፈተና በደረሰ ቁጥር ማሽኑ ግድግዳዬን ያንቀጠቅጠዋል። ለአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች አራት ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «አሥራ ሁለት ዓመት ሦስትና አምስትን ያልለየ መስክ» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ተነስቼ «ለየነው። ዘግይተንም ቢሆን ራሳችን ለየነው። አንተ የራስህን ያለፉ ሥራዎች መቼ ነው መጨረሻ ያጣራኸው?» አልኩት። የሳቀ አልነበረም።

እስከዚህ ያለውን ግማሹን ያውቁታል። አሁን ወደማያውቁት፣ ወይም ወደደበቁኝ ነገር ልምጣ።

እርማቱ በወጣ በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። ከማላውቃት ሴት ነው። የመጀመሪያው መስመር «እኔም አምስት ነበር ያገኘሁት» ይላል። ከሥሩ ስልኳ ነበር። ደወልኩላት፤ ስልክ ላይ ብዙ አልተናገረችም። «ደብተሩ አሁንም አለኝ። ማየት ከፈለግሽ ነይ» አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት አምስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዤ ሄድኩ።

የውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። በቢሮዋ ግድግዳ ላይ የከተማው ቧንቧዎች ካርታ አለ፤ የትኛው ሰፈር ውሃው በምን ያህል ግፊት እንደሚደርስ የምታሰላው እሷ ናት። ከእኔ በስድስት ዓመት ታንሳለች። ወንበር ሳበችልኝና ሽፋኑ የለቀቀ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የዛሬ አሥር ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሥራዋ የእኛን ሞዴል ይዛ የቅንጣቶቹን ክብደት ማስላት ነበር። አልገጥም አላት። ችግሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ቤተሰቦቹን ከእኛ በተለየ መንገድ ቆጠረች፤ አምስት ሆኑ። አስተማሪዋ «የታወቀ ነገር ላይ ነው የተሳሳትሽው፤ ደግመሽ ቁጠሪ» አላት።

«ሁለት ዓመት ቆጠርኩ» አለችኝ። «በአራት መንገድ። ሁልጊዜ አምስት ነው። ጓደኞቼ አምስት ብለው ስም አወጡልኝ። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ አምስት፣ እንደምን አደርሽ ይሉኛል።»

«ለእኛ ለምን አልጻፍሽልንም?»

ይህን ስጠይቃት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ከደብተሩ ኋላ ፖስታ አወጣች።

ደብዳቤ ጽፋልዎት ነበር። ስድስቱን ነጥቦች፣ ሠላሳ ሰባተኛውን ሁኔታ፣ ሁሉንም አስረድታ። የእርስዎ መልስ በአንድ መስመር ነው፤ በእጅ ጽሑፍዎ፤ «የእኔ ቆጠራ 3 ነው። ደግመሽ ቁጠሪ።» ፊርማውን ማየት አላስፈለገኝም፤ የሦስቱ አናት ጠፍጣፋ ነው። ቀኑ ደግሞ ጋዜጣው ላይ ከወጡበት ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው። እርሷ ይህን እንዳነበበች በወሩ ትምህርቷን አቋርጣ ወጣች።

«ተናደሽበታል?» አልኳት።

«በእሱ አልተናደድኩም። የተናደድኩት በራሴ ነው። አመንኩት። አራት ጊዜ አምስት አግኝቼ እሱን አመንኩት» አለችኝ።

መምህሬ፣ ስለዚህ «ራሴ ነኝ ያገኘሁት» አይበሉኝ። «ለአንቺ ብዬ ነው»ም አይበሉኝ። ለእኔ ሲሉ እሷን ነው የገፉት፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ ስምንት ዓመት እሷ ልትቀመጥበት ይገባ የነበረ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን ለእህቴ ስነግራት፣ እርስዎን የምትወድ እህቴ፣ ልብዎ የታመመ ጊዜ ሁለት ሳምንት በየቀኑ እየመጣች መድኃኒትዎን የሰጠችዎ እህቴ፣ «እኔ የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቼ ዝም ብል ምን ይሉኝ ነበር?» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

አሁን ደግሞ ስለዚያ ጥላ ስላሉት ነገር ልንገርዎ። መስኩ አልዋሸንም። ጠየቅነው፤ አምስት ብሎ መለሰ። ሳያፍር፣ ሳይፈራ፣ ለሚቆጥረው ሁሉ፣ በአራት መንገድ፣ ለአንዲት ማንም ለማያውቃት ተማሪ ሳይቀር አምስት አላት። «አይደለም» ማለት የሚችል ነገር ጥላ አይደለም። ጥላ የሚሆነው የምንፈልገውን ብቻ የሚነግረን ነው። እርስዎ ግን መልሱን አልወደዱትምና ጠያቂዎቹን ሁሉ ወደ ቤታችሁ ግቡ አሉ። እኔ አልገባሁም። አልገባምም። ምናልባት ትክክለኛውን ቅርጽ ሳላገኝ እሞት ይሆናል፤ ምናልባት ከናካቴው የለም ይሆናል። ከሌለም ተቆጥሮ፣ ተጣርቶ፣ ስም ተጽፎበት የለም ይባላል እንጂ፣ አንድ ሰው ስላፈረ የለም አይባልም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አብረን እየሠራን ነው። ከሥራ በኋላ በስልክ እንነጋገራለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወይ እኔ እሄዳለሁ ወይ እሷ ትመጣለች። የእሷ የአቆጣጠር መንገድ ከእኛው የቀና ነው፤ እኛ ሦስት ሳምንት የፈጀብንን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። በእሱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቅርጾች አየን። ሦስት ቤተሰብ የሰጡን አራት ናቸው። ሦስቱ ወድቀዋል፤ አንደኛው በኤሌክትሮኑ፣ ሁለቱ ባልጠራናቸው እንግዶች። አንዱ እስካሁን ቆሟል። ሰኞ ሊወድቅ ይችላል። ባለፈው ሳምንት የቆመበትን ምክንያት በስልክ ስታስረዳኝ ድምጿ ውስጥ የነበረውን ነገር ቢሰሙት ኖሮ፣ በሩን ይከፍቱልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉን ጨርሰናል። የእሷ ስም ይቀድማል፤ የእኔ ይከተላል። መግቢያው ላይ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ይህን ስህተት ከስምንት ዓመት በፊት በመጀመሪያ ያገኘችው የዚህ ጽሑፍ ቀዳሚ ጸሐፊ ናት፤ በዚያው ጊዜም ከሞዴሉ ሠሪዎች ለአንደኛው በጽሑፍ አሳውቃ ነበር።» የሞዴሉ ሠሪዎች ሁለት ነን። እኔ እንዳልሆንኩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እኔም ተገድጄ ሳይሆን አስቤበት ነው የጻፍኩት። እንድታወጪው ፈቀድኩ ወይም ከለከልኩ እንዲሉኝ አልጠየቅሁዎትም።

እሷ ይህ ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ እንዲሰረዝ ነበር የፈለገችው። «ሽማግሌ ነው፤ ተይው» አለችኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እርስዎ እንደ ሽማግሌ እንዲታዘንልዎ አልፈልግም። ያን ቀን ሰላም እንኳ ሳይሉን ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ሰው እፈልጋለሁ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ይህን ዐረፍተ ነገር ራሱ ይጽፈው ነበር። አሁንም ይችላሉ። እጅዎ ይጽፋል፤ አእምሮዎ ከእኔ ይበልጣል።

ለእኔ መልስ አይጻፉልኝ። ለእሷ ይጻፉላት። አድራሻዋን በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ የውሃ መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ቆጠራዋ ትክክል እንደነበረ ይንገሯት። እኔ ነግሬያታለሁ፤ የዓለም መጽሔቶች ሁሉ ይነግሯታል፤ እሷ ግን ከእርስዎ ነው መስማት ያለባት፤ ያመነችው እርስዎን ነውና።

ጽሑፉን ሰኞ ጠዋት፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት እልከዋለሁ። ቢጽፉላትም እልከዋለሁ፤ ባይጽፉላትም እልከዋለሁ።

ጤናዎን ይጠብቁ። መድኃኒትዎን አያቋርጡ። እንዲኖሩ ነው የምፈልገው።

በእርስዎ እጅ የሠለጠነችና ሥራውን ያልተወች፣
ተማሪዎ